የአውሮፓ ሱፐር ኒንቴንዶ ከጃፓንና ከአሜሪካ ካርትሪጅ ጋር፦ የአንድ ጥገና የጉዳይ ጥናት

ኮንሶሉ፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዘው የጨዋታ ማሽን፣ የአውሮፓ ሱፐር ኒንቴንዶ ነው፤ ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ኤስኤንኤስፒ-001ኤ ይላል። አብረውት ሁለት ካርትሪጆች፣ ማለትም ጨዋታ የያዙ ተሰኪ ሳጥኖች፣ መጡ። አንዱ በ1995 የወጣው የጃፓን «ክሮኖ ትሪገር»፣ ሌላው በ1996 የወጣው የአሜሪካ «ሱፐር ማሪዮ አርፒጂ» ነው። ሁለቱም በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ አልተሸጡም። ስለዚህ ባለቤቱን «የአውሮፓውን ቅጂ ፈልግ» ብሎ መሸኘት አይቻልም፤ የሚፈለግ ቅጂ የለም።

የክሮኖ ትሪገሩ ካርትሪጅ ማስገቢያው ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ማብሪያው ሲገፋ ቀዩ መብራት ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። የማሪዮው ካርትሪጅ ጭራሽ አይገባም። ባለቤቱ ቀደም ብሎ ባለ ሁለት ማስገቢያ አዳፕተር ገዝቶ ነበር፤ ከኋላ የአውሮፓ ካርትሪጅ፣ ከፊት የውጭው ይሰካበታል። በአዳፕተሩ ክሮኖ ትሪገር ተከፈተለት፤ ነገር ግን ጨዋታው ይንቀራፈፋል፣ ከላይና ከታችም ወፍራም ጥቁር መስመር ይታያል። ማሪዮ በአዳፕተሩም ጥቁር ነው። ባለቤቱ ኮንሶሉ ተበላሽቷል ብሎ ደመደመ።

ኮንሶሉ ደህና ነው። የአንድ ክልል ጨዋታ በሌላ ክልል ኮንሶል እንዳይሠራ የሚከለክለው፣ «የክልል ገደብ» ተብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ነገር አንድ በር ሳይሆን ተከታታይ በሮች ናቸው፦ የፕላስቲኩ ቅርፅ፣ የመቆለፊያ ቺፑ፣ የ50 እና የ60 ሄርዙ (በሰከንድ የሚሣለው ምስል ብዛት) ልዩነት፣ በመጨረሻም ገመዱ። አንዱ ሲከፈት ቀጣዩ ይገጥማል፤ አዳፕተሩን የገዛ ሰው ገንዘቡን ያፈሰሰው አንዱን በር ብቻ ለመክፈት ነው። ጥገናው የሚጀምረው የትኛው በር እንደከለከለ ለይቶ በማወቅ ነው። መበየጃ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ቅድመ ምርመራ

ጥቁር ስክሪን ብዙ ምክንያት አለው፤ ከሁሉ የሚበዛው ደግሞ ቆሻሻ ነው። የሁለቱም ካርትሪጆች የመዳብ ጥርሶች ከ90 በመቶ በላይ ንፁህ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና በጥጥ ተጠረጉ፤ እስኪደርቁም ተጠበቀ። የአውሮፓ ካርትሪጅ ሲሰካ ወዲያው ይሠራል። የኃይል መቆጣጠሪያው 7805 በሚያወጣው እግር ላይ ቮልቴጁ በ4.9 እና በ5.1 ቮልት መካከል ነው። ስለዚህ ኃይሉም፣ ፕሮሰሰሩም፣ ማስገቢያውም ከጥርጣሬ ወጡ።

ለዚህ ኮንሶል የሚያስፈልጉት መፍቻዎች ሁለት ናቸው፦ ለኮንሶሉ 4.5 ሚሊሜትር፣ ለካርትሪጁ 3.8 ሚሊሜትር፤ ሁለቱም ጫፋቸው ጎድጓዳ፣ ውስጣቸው ጥርስ ያለው ነው። በተለመደ መፍቻ ለመፍታት መሞከር የብሎኑን ጭንቅላት ያበላሻል፤ ከዚያ በኋላ መሰርሰር ብቻ ይቀራል።

ፕላስቲኩ

ይህ ቀላሉ ነው። የጃፓንና የአውሮፓ ካርትሪጆች ፊታቸው ጎበጥ ያለ፣ ቅርፃቸው አንድ ነው። የአሜሪካው ባለ ሹል ማዕዘን ስለሆነ ጎባጣው ማስገቢያ አይቀበለውም። በአሜሪካ ኮንሶል ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ማስገቢያው ውስጥ ያሉ ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች የጃፓኑን ካርትሪጅ ይከለክላሉ። ጥርሶቹ ተቆርጠው ከወጡ የጃፓን ካርትሪጅ በአሜሪካ ኮንሶል ላይ ያለ ሌላ ሥራ ይጫወታል። ምክንያቱ ከታች ይመጣል።

ከፕላስቲኩ በታች ያለው ኮኔክተር በሦስቱም ክልሎች አንድ ነው፦ 62 ፒን (የመገናኛ እግር)፣ መሃል 46፣ በግራና በቀኝ 8፣ 8። የኮንሶሉ ስድስት ብሎኖች ተፈትተው የላይኛው ሽፋን ሲነሳ የአሜሪካው ካርትሪጅ ባዶው ኮኔክተር ላይ ቀጥ ብሎ ይሰካል። ለሙከራ ይህ ይበቃል፤ ሆኖም አቅጣጫውን የሚጠብቅ ፕላስቲክ ስለማይኖር የካርትሪጁ ሥዕል ወደ ፊት፣ ወደ መቆጣጠሪያ ገመዶቹ መዞሩን ሁለት ጊዜ ማየት ግድ ነው። ተገልብጦ የተሰካ ካርትሪጅ 5 ቮልቱን ወደማይገባው ፒን ይወስዳል። መሰካትም መንቀልም ኃይሉ ጠፍቶ ብቻ ነው።

ጓጉንቸሩ

ኮንሶሉ ውስጥ አንዲት ባለ 18 እግር ቺፕ አለች፤ እያንዳንዱ ካርትሪጅም ውስጥ እህቷ አለች። የኮንሶሏ ጓጉንቸር፣ የካርትሪጁ ቁልፍ ነች። ኃይል ሲመጣ ሁለቱም አንድ የቁጥር ሰንሰለት በየራሳቸው እያሰሉ ይለዋወጣሉ። ቁጥሩ እስከተገጣጠመ ድረስ ጓጉንቸሯ ፕሮሰሰሩን ትለቀዋለች። አንድ ጊዜ ከተሳሳተ የሪሴት መስመሩን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ከሥራ የሚያግደውን መስመር፣ ይዛ ታስቀረዋለች። ጨዋታው አንዲት ትእዛዝ እንኳ ሳይፈጽም ስለሚቆም ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በቀድሞው ባለ 8 ቢት ኒንቴንዶ ተመሳሳይ ቺፕ ኮንሶሉን እየደጋገመች ታስነሳው ስለነበር ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይል ነበር፤ በሱፐር ኒንቴንዶ ግን ብልጭታ የለም፣ ዝም ብሎ ጨለማ ነው።

የአውሮፓዋ ጓጉንቸር ኤፍ413፣ ቁልፏ ዲ413 ይባላሉ። የጃፓንና የአሜሪካ ጓጉንቸር ኤፍ411፣ ቁልፋቸው ዲ411 ነው። ልብ ይበሉ፦ ጃፓንና አሜሪካ አንድ ቁልፍ ይጋራሉ። በሁለቱ መካከል ያለው አጥር ፕላስቲክ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው። በዚህ ጉዳይ ሁለቱም ካርትሪጆች ዲ411 ዓይነት ቁልፍ ይዘው ኤፍ413 ፊት ቆመዋል።

ባለ ሁለት ማስገቢያው አዳፕተር ይህን የሚያልፈው በብልሃት ነው። የመቆለፊያው ንግግር የሚሄድባቸውን አራት ፒኖች፣ ማለትም 24፣ 25፣ 55 እና 56፣ ከኋላ ወዳለው የአውሮፓ ካርትሪጅ ያዞራል፤ የቀሩትን መስመሮች ከፊት ላለው ይሰጣል። ጓጉንቸሯ ከአውሮፓዊት ቁልፍ ጋር እያወራች ፕሮሰሰሩ የጃፓኑን ጨዋታ ያነባል። ክሮኖ ትሪገር የተከፈተው በዚህ ነው።

ታዲያ ማሪዮ ለምን እምቢ አለ? የመጀመሪያው ጥርጣሬ አዳፕተሩ ርካሽ ነው የሚል ነበር። ብዙ አዳፕተሮች መሃል ያሉትን 46 ፒኖች ብቻ ያስተላልፋሉ፤ ተጨማሪ ቺፕ የያዙ ጨዋታዎች ግን የዳር ፒኖቹን ይፈልጋሉ፣ ለምሳሌ ሱፐር ኤፍኤክስ ቺፕ ያለው «ስታር ፎክስ»። በእንዲህ ያለ አዳፕተር የሚደርስባቸው ጥቁር ስክሪን የመቆለፊያ ይመስላል፤ ያሳስታል። ስለዚህ ወደ ማስገቢያው ውስጥ በባትሪ ብርሃን ታየ። የባለቤቱ አዳፕተር 62ቱንም ፒን ይዟል። ምክንያቱ ሌላ ነው ማለት ነው።

ምክንያቱ ኤስኤ-1 የምትባለው ቺፕ ነች። ማሪዮ አርፒጂ ካርትሪጅ ውስጥ ያለችው ይህች ቺፕ ረዳት ፕሮሰሰር ናት፤ ቁልፉም በራሷ ሆድ ውስጥ ተሠርቷል፣ ለብቻው የተቀመጠ ዲ411 የለም። ከዚህ የሚከተለው ነገር ትልቅ ነው፦ ቁልፏ ከትክክለኛ ጓጉንቸር ጋር ካልተነጋገረ ኤስኤ-1 ራሷ ሥራ አትጀምርም። በሌሎች ካርትሪጆች ኮንሶሉ ብቻ ካርትሪጁን ይፈትሻል። እዚህ ግን ካርትሪጁም ኮንሶሉን ይፈትሻል። አዳፕተሩ ንግግሩን ወደ ኋላ ስላዞረው ኤስኤ-1 የሚያናግራት አጥታ ተቀመጠች። ኤስ-ዲዲ1 ቺፕ ያለበት የጃፓኑ «ስታር ኦሽን» እና ኤስኤ-1 ያለበት «ከርቢ ሱፐር ስታር» በተመሳሳይ መንገድ ይቆማሉ።

ይህን ለማረጋገጥ አንድ የታወቀ ሙከራ ተደረገ። የኤፍ413 4ኛ እግር ቺፗ ጓጉንቸር ትሁን ወይስ ቁልፍ የሚወስን ነው፤ ከ5 ቮልት ጋር የተያያዘ ነው። እግሩ ሞቆ በቀጭን መርፌ ከቦርዱ ተነሳና በሽቦ ከመሬት መስመር ጋር ተያያዘ። ጓጉንቸሯ ራሷን ቁልፍ መስላ ስለምትነሳ ሪሴቱን የሚይዝ አይኖርም። ውጤቱ የተጠበቀው ሆነ፦ ክሮኖ ትሪገር ያለ አዳፕተር ተከፈተ፣ ማሪዮ ሽፋኑ ተነስቶ በቀጥታ ተሰክቶም ጥቁር ሆነ። ሁለት ቁልፎች ተፋጠው ሲቆሙ የሚጠይቅ ጓጉንቸር የለም፤ ኤስኤ-1ም አትነሳም።

ብዙ መመሪያዎች እዚህ ያቆማሉ፤ 4ኛው እግር ላይ ስዊች ያስገቡና ሥራው አለቀ ይላሉ። ስዊቹ ለአውሮፓ ኤስኤ-1 ካርትሪጆች ብቻ ይጠቅማል፤ ወደ ጓጉንቸርነት ሲመለስ ከእነሱ ጋር ይግባባልና። ለጃፓንና ለአሜሪካ ኤስኤ-1 በየትኛውም ቦታው አይረዳም። እንዲህ ያለ ካርትሪጅ ይዞ ለመጣ ሰው ስዊቹን አስገብቶ መስጠት ግማሽ ሥራ ነው።

የተመረጠው መፍትሔ ሱፐርሲአይሲ ነው። ፒክ16ኤፍ630 የምትባል ባለ 14 እግር ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ውስጥ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ የሚጫን፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። የኤፍ413ን ቦታ ትይዛለች፤ የመጣው ቁልፍ ዲ411 ይሁን ዲ413 ትለያለች፣ ለእያንዳንዱም ትክክለኛውን ጓጉንቸር ሆና ትቀርባለች። ማሪዮ የሚፈልገው ይህን ነበር፤ የሚያናግረው እውነተኛ 411።

ቺፗ በፕሮግራም መጫኛ ከተጻፈች በኋላ የኤፍ413 የዳታ፣ የክሎክ (የሥራ ምት የሚሰጠው ምልክት) እና የሪሴት እግሮች ከቦርዱ ተነስተው መስመሮቹ በ0.25 ሚሊሜትር ሽፋን ያለው ሽቦ ወደ አዲሷ ቺፕ ተወሰዱ። 5 ቮልት በ1ኛው እግር፣ መሬት በ14ኛው ይገባል። በሁለቱ መካከል፣ ለቺፗ በጣም ቀርቦ፣ የ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር (ኃይሉን የሚያረጋጋ ክፍል) ይበየዳል። ይህን ካፓሲተር መዝለል ለዓይን ምንም አይለውጥም፤ በኋላ ግን ኮንሶሉ አንዴ ተነስቶ አንዴ እምቢ እያለ ያስቸግራል። የክሎኩ መስመር 3.072 ሜጋሄርዝ ይሸከማል፤ ሽቦው ቢያጥር ይመረጣል፣ ከምስል መስመሮቹም ይራቅ። አሮጌዋ ኤፍ413 እግሮቿ ተነስተው ባለችበት ቀረች። አንድ ቀን ኮንሶሉን ወደ ነበረበት መመለስ የሚፈልግ ሰው እግሮቹን መልሶ መበየድ ብቻ ይበቃዋል።

ከዚህ በኋላ ማሪዮ ተከፈተ። በ50 ሄርዝ፣ እየተጎተተ፣ ግን ተከፈተ።

50 እና 60

የአውሮፓ ኮንሶል በሰከንድ 50.01 ምስል ይሥላል፤ የጃፓኑና የአሜሪካው 60.10። የዚህ ዘመን ጨዋታዎች ጊዜን የሚቆጥሩት በሰዓት ሳይሆን በምስል ነው፤ ጀግናው በእያንዳንዱ ምስል የተወሰነ ፒክስል ይራመዳል። ለ60 የተጻፈ ጨዋታ በ50 ሲሄድ ወደ 17 በመቶ ፍጥነት ያጣል፤ የአንድ ሰዓት ጉዞ 72 ደቂቃ ይፈጃል። ጥቁር መስመሮቹም ከዚሁ ይመጣሉ፦ የ50 ሄርዙ ምስል 312 መስመር፣ የ60ው 262 መስመር ሲኖረው ጨዋታው ግን በሁለቱም 224 መስመር ብቻ ይሥላል።

ሙዚቃው ግን በብዙ ጨዋታዎች አይንቀራፈፍም። የድምፅ ክፍሉ በራሱ 24.576 ሜጋሄርዝ ይሠራል፣ የራሱም የጊዜ ቆጣሪዎች አሉት። ባለቤቱ «ምስሉ ዘገየ፣ ዘፈኑ ግን ልክ ነው» ብሎ ግራ የተጋባው በዚህ ነው። ጥሩ ምልክት ነው፤ ፕሮሰሰሩ እንዳልደከመ፣ ጉዳዩ የሄርዝ ብቻ እንደሆነ ያሳያል።

ሄርዙን የሚወስኑት በሁለቱ የምስል ቺፖች ላይ ያሉ አንድ አንድ እግሮች ናቸው፦ በፒፒዩ1 24ኛው፣ በፒፒዩ2 30ኛው። 5 ቮልት ሲያገኙ 50፣ መሬት ሲነኩ 60 ይሆናል። 30ኛው በረጅሙ ጎን መጨረሻ፣ ማዕዘኑ ላይ ስላለ በቀላሉ ይገኛል፤ 24ኛው ከተመሳሳይ ማዕዘን ሲቆጠር ሰባተኛው ነው። በእግሮቹ መካከል ያለው ርቀት 0.65 ሚሊሜትር ነው። እግሩ ከታች እየሞቀ በመርፌ ቀስ ብሎ ይነሳል፤ ብየዳው ሳይቀልጥ ከተሳበ ከቺፑ ሥር ይቆረጣል፣ የተቆረጠ እግር ደግሞ ፕላስቲኩን ፍቆ ከማውጣት በቀር መድኃኒት የለውም። ከተነሳ በኋላ በእግሩና ከሥሩ በነበረው ቦታ መካከል ምንም ግንኙነት እንደሌለ በመልቲሜትር ይረጋገጣል።

ሁለቱም እግሮች ከሱፐርሲአይሲው የሄርዝ መውጫ ጋር ተያያዙ። አዲሷ ጓጉንቸር ዲ411 ስታገኝ 60፣ ዲ413 ስታገኝ 50 ትመርጣለች፤ የኮንሶሉን አካል ቦርቡሮ ስዊች ማስገባት አላስፈለገም። ከአውቶማቲኩ ውጭ መምረጥ የሚፈልግ የሪሴት ቁልፉን ተጭኖ በመያዝ ይቀይራል።

መጀመሪያ ሲሞከር ምስሉ ተቆራርጦ ወደ ላይ ይሮጥ ነበር። ቮልቴጁ ሲለካ የፒፒዩ1 እግር 0 ቮልት ላይ ነው፣ የፒፒዩ2ው ግን አይደለም፤ ሽቦው እግሩን ነክቶ አልተበየደም። አንዱ ቺፕ በ60፣ ሌላው በ50 ሲቆጥር ምስል አይቆምም። በትንሽ ፍላክስ (ብየዳው በደንብ እንዲይዝ የሚቀባ ነገር) እንደገና ሲበየድ ወዲያው ተስተካከለ።

አንዳንድ ጨዋታዎች ከመቆለፊያው ሌላ የራሳቸው ፍተሻ አላቸው። ከፒፒዩ2 የሁኔታ መዝገብ አንድ ቢት አንብበው ኮንሶሉ 50 ላይ እንደሆነ ካወቁ «ይህ ካርትሪጅ ለእርስዎ ኮንሶል አልተሠራም» የሚል መልእክት በእንግሊዝኛ ያወጣሉ። ይህን መልእክት ያየ ሰው መቆለፊያውን እንደገና መነካካት የለበትም። ጽሑፍ ከታየ ፕሮግራሙ እየሠራ ነው፣ ጓጉንቸሩም ተከፍቷል፤ የቀረው ሄርዙን ማስተካከል ብቻ ነው።

ገመዱ

ባለቤቱ ጥሩ ምስል ፈልጎ የአርጂቢ ስካርት ገመድ፣ ማለትም ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻ ወደ ቴሌቪዥኑ የስካርት መሰኪያ የሚወስድ ገመድ፣ ይዞ ነበር፤ የተሠራው ግን ለጃፓን ኮንሶል ነው። መሰኪያው አንድ ስለሆነ ያለ ምንም ግፊት ይገባል። አደጋው እዚያው ላይ ነው። ከኋላ ባለው ባለ 12 ፒን መውጫ 3ኛው ፒን በጃፓንና በአሜሪካ ኮንሶል የምስል ሲንክ (ምስሉን በቦታው የሚያቆም የጊዜ ምልክት) ያወጣል፤ በአውሮፓው ግን 12 ቮልት ነው፣ ቴሌቪዥኑን ወደ ስካርት ለመቀየር የተቀመጠ። በዚህ ገመድ 12ቱ ቮልት ቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ የሲንክ መቀበያ ይሄዳል፤ የዚያ መቀበያ ልክ ደግሞ 1 ቮልት ገደማ ነው። ገመዱ ወደ ቴሌቪዥን ከመሰካቱ በፊት ስለተለካ ጉዳት አልደረሰም።

ሌላም ልዩነት አለ። የጃፓኑ ገመድ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መስመሮቹ ላይ 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች አሉት። የአውሮፓው ኮንሶል ካፓሲተር አይፈልግም፤ ከእያንዳንዱ ቀለም ወደ መሬት የ75 ኦም ሬዚስተር ይፈልጋል። ሬዚስተሩ ከሌለ ምስሉ ከልክ በላይ ይነጣል፣ ነጩ ዙሪያውን ይውጣል። ገመዱ ተከፍቶ ሦስቱ ካፓሲተሮች በቀጥታ ሽቦ ተተኩ፣ ሦስት የ75 ኦም ሬዚስተሮች ገቡ፣ የሲንኩ ሽቦ ከ3ኛው ፒን ተነስቶ ኮምፖዚት (ሁሉም ተቀላቅሎ በአንድ ሽቦ የሚሄድ ምስል) ወደሚወጣበት 9ኛው ፒን ተዛወረ።

በተራው የኮምፖዚት ገመድ ማየት ለሚፈልግ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ሄርዙ 60 ሲሆን የቀለሙ አሠራር የአውሮፓ ፓል እንደሆነ ይቀራል፤ ይህን ድብልቅ የማይቀበል ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ያሳያል። በአርጂቢ ቀለሞቹ ለየብቻ ስለሚሄዱ ይህ ችግር የለም።

እግረ መንገዳችንን፣ «ይህ ሁሉ ከሚሆን የጃፓን ኮንሶል ልግዛ» ለሚል፦ የጃፓኑ 10 ቮልት ዲሲ ይፈልጋል፣ 850 ሚሊአምፔር፣ መሃሉ ኔጌቲቭ። የአውሮፓው የኃይል አዳፕተር የሚሰጠው 9 ቮልት ኤሲ ነው። ክቡ መሰኪያ ግን ይገጥማል። ኤሲውን የጃፓን ኮንሶል ላይ የሰካ ሰው ፊውዙን ወይም ካፓሲተሮቹን ያጣል።

የተጠናቀቀው ሥራ

ለማሪዮው ካርትሪጅ ባለ ሁለት ማስገቢያው አዳፕተር ተትቶ፣ 62ቱንም ፒን፣ አራቱን የመቆለፊያ መስመሮች ጨምሮ፣ ቀጥታ የሚያስተላልፍ ማራዘሚያ ተሰጠ። የካርትሪጁን ቦርድ አውጥቶ ጎባጣ ቅርፊት ውስጥ መክተትም ይቻላል፤ ሆኖም የመጀመሪያ ልብሱን የያዘ ካርትሪጅ መግፈፍ አያስፈልግም።

ሦስት ካርትሪጆች ተራ በተራ ተሞከሩ። የአውሮፓው በ50 ተነሳ፣ ክሮኖ ትሪገርና ማሪዮ በ60። እያንዳንዳቸው ሃያ ጊዜ ጠፍተው በርተዋል፤ ደካማ የመቆለፊያ ብየዳ የሚጋለጠው ረጅም ሰዓት በመጫወት ሳይሆን ደጋግሞ በማስነሳት ነው።

ሳይነካ የቀረ አንድ ልዩነት አለ። የአውሮፓው ኮንሶል ዋና ክሎክ 21.281 ሜጋሄርዝ፣ የጃፓኑና የአሜሪካው 21.477 ነው። ስለዚህ ይህ ኮንሶል በ60 ሲሄድ በእርግጥ የሚሥለው 59.55 ምስል ነው፤ 0.9 በመቶ ይዘገያል፣ በአንድ ሰዓት 33 ሰከንድ። ለመጫወት የሚታወቅ አይደለም። ጨዋታ በፍጥነት ጨርሰው ሰዓት ለሚመዘግቡ ግን ከባድ ነው፤ ለእነሱ ሁለቱን ክሎኮች የሚቀያይር ኦሲሌተር (ክሎክ የሚያመነጭ ክፍል) መጨመር ይገባል። ይህ ባለቤት ስላልፈለገው አልተጨመረም።

ከሽፋኑ ውስጥ፣ ከኮኔክተሩ አጠገብ፣ ቀጣዩ የሚከፍተው ሰው የሚያነበው ወረቀት ተለጠፈ፦ «ኤፍ413 እግሮቿ ተነስተዋል፣ በፒክ16ኤፍ630 ተተክታለች። ፒፒዩ1 24፣ ፒፒዩ2 30 ተነስተዋል። ክሎክ የአውሮፓ ነው። የመውጫው 3ኛ ፒን አሁንም 12 ቮልት ነው።»